ጋሽ ኪሮስና ቁልፍ የሌለው ማሳተሚያ

ጋሽ ኪሮስ ማረፋቸውን የሰማሁት ባሕር ዳር፣ ጥርስ ሐኪም ቤት ወረፋ ይዤ ሳለ ነው። የደወለልኝ እሳቸው ጡረታ ሲወጡ ሰቆጣ ያለውን የዩኒቨርሲቲያችንን ማሳተሚያ የተረከበው ሲሳይ ነበር። ገና "ሰናይት" ብሎ ሲጠራኝ ከድምፁ ገባኝ። ወረፋዬን ትቼ ወጣሁና ደረጃው ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ሳልወድ በግድ ሳቅሁ፤ ሲሳይ እዚያው ስልክ ላይ ስለ ዜና ዕረፍታቸው ያማርረኝ ጀምሮ ነበርና። የዩኒቨርሲቲው ሕዝብ ግንኙነት "የማሳተሚያው መሥራችና ባለ ራእይ መሪ" ብሎ ጽፎ ልኮለታል። "ይህን ቢያዩ ከሳጥኑ ተነሥተው ይሰርዙት ነበር" አለኝ። እውነቱን ነው። ጋሽ ኪሮስ ሙገሳ የሚሸት ቃል ረቂቅ ላይ ካገኙ በእርሳስ ይከቡትና ጠርዙ ላይ "ማን አለ?" ብለው ይጽፋሉ።

"መሥራች" የሚለውንም ቢሆን አይቀበሉትም ነበር። ማሳተሚያውን ማን መሠረተው ብሎ ለጠየቃቸው ሁሉ መልሳቸው "አንዲት የሰሃላ ሴት" የሚል ነው። እንግዳ ሰው ቀልድ ይመስለውና ይስቃል። እሳቸው አይስቁም። ሲሳይ የሕይወት ታሪካቸውን እኔ እንድጽፈው ለመነኝ፤ አንድ ገጽ ይበቃል አለ። ሞከርኩ፣ አልበቃኝም፤ የተረፈው ይኸው ነው።

ሰቆጣ የተመደብኩት በገጽ ቅንብር ባለሙያነት ነው። የደብረ ማርቆስ ልጅ ነኝ፤ ዋግን የማውቀው በዜና ብቻ ነበር፣ ዜናው ደግሞ ዋግን የሚያስታውሰው ድርቅ ሲገባ ነው። ትንሽ ሠርቼ ዝውውር እጠይቃለሁ ብዬ ነበር የሄድኩት። የመጀመሪያ ቀን ቢሮው ደጃፍ ስደርስ አንድ ረጅም ቀጭን ሰውዬ ተንበርክከው የበሩን ቁልፍ በካቻቢቴ ይፈታሉ። አናጢ መስለውኝ የማሳተሚያው ኃላፊ የት እንዳሉ ጠየቅኳቸው። ይህን ጉድ ፈትቼ ስጨርስ እነግርሻለሁ አሉኝ። ፈተው ሲጨርሱ ቁልፉን ኮታቸው ኪስ ውስጥ ከተቱና ጉልበታቸውን አራግፈው "እኔ ነኝ፤ ግቢ" አሉ።

ቁልፉን ያስገጠመላቸው የንብረት ክፍሉ ነበር። እሳቸው ደግሞ የሚቆለፍ ማሳተሚያ አልመራም ብለው ነቀሉት። ጣጣው የተረፈው ለእኛ ነው። ማስመሪያችን፣ መቀሳችን፣ ስቴፕለራችን በየጊዜው ይሰወራል፤ ፍለጋ ስንወጣ ዕቃው ሁሉ መዝገብ ቤት ተደርድሮ ይገኛል። እኔ እናደዳለሁ። እሳቸው ግን ወረቀት ማያያዝ የፈለገ ሰው ነው የወሰደው፣ ምን ሊያደርግበት ኖሯል ይሉኛል።

ጋሽ ኪሮስ የፃግብጂ ገበሬ ልጅ ናቸው። አፋቸውን የፈቱት በኽምጥኛ ስለሆነ አማርኛ ሲናገሩ ቃሉን መርጠው፣ ረጋ ብለው ነው። ሲጨንቃቸው በኽምጥኛ ያጉተመትማሉ። በጎጃም አነጋገሬ ያሾፉብኛል፤ እኔም አልተውኩላቸውም። መነጽራቸውን በክር አስረው አንገታቸው ላይ ያንጠለጥሉታል። የማይስማሙበት ነገር ሲነገራቸው ክሩን በራሳቸው ላይ አሳልፈው ያወልቁትና ጠረጴዛው ላይ ቀስ አድርገው ያስቀምጡታል። ያን ጊዜ ተከራካሪው ወንበሩን ወደኋላ ቢገፋ ይሻለዋል፤ መነጽሩ ከወረደ በኋላ ሐሳባቸውን የቀየሩበትን ቀን አላየሁም።

ማሳተሚያችን መጽሐፍ አይሸጥም። የምናሳትመውን ሁሉ ኢንተርኔት ላይ እንለቀዋለን፤ የፈለገ ያወርዳል፣ ያባዛል፣ አትሞ ለጎረቤቱ ይሰጣል። አይከፍልም፣ አያስፈቅድም። ዛሬ ብዙ ዩኒቨርሲቲ ይህን አሠራር ይዞታል። ያኔ ግን ጋሽ ኪሮስ ሲያስረዱ የሚሰማቸው ሰው ፊት ላይ የሚነበበው "ታዲያ ምን ልታተርፉ?" የሚል ነበር።

ነገሩ የተጀመረው እኔ ሳልመጣ፣ እሳቸው የቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ሳሉ ነው። ደጋግመው ስለነገሩኝ የነበርኩበት ያህል ይታየኛል። አንድ ቀን ጥበቃው ከአንዲት ሴት ጋር ሲከራከር ሰምተው ወጡ። ሴትዮዋ ወይዘሮ ዝማም ይባላሉ፤ ከሰሃላ በእግራቸው ነው የመጡት፤ አማርኛ እምብዛም አይሆንላቸውም። ሀብታሙ የሚባል ልጅ ነበራቸው። ባሕር ተሻግሮ ሳዑዲ ገብቶ፣ ታስሮ፣ ተጠርዞ ተመለሰ። ሰቆጣ ሰንብቶ ሳለ አንድ የዩኒቨርሲቲው መምህር ስለ ስደቱ ጠይቆት ድምፁን ቀድቶታል። ከዚያ ልጁ እንደገና ሄደ፤ ከሄደ በኋላ ወሬው ጠፋ። ጓደኛው መጥቶ ያ ንግግሩ መጽሐፍ ሆኖ ወጥቷል ብሎ ነገራቸው። ወይዘሮ ዝማም የመጡት ልጃቸው ያለውን ለመስማት ነው። ሌላ ምንም አልፈለጉም።

ጋሽ ኪሮስ ወንበር አቀረቡላቸውና መጽሐፉን ኮምፒውተር ላይ ፈለጉት። ተገኘ። ጸሐፊው ታደለ የተባለ የእኛው መምህር ነው፤ መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ተጽፎ ውጭ አገር ያለ አሳታሚ አውጥቶታል። ሽፋኑ ታየ። ሲነኩት ገጹ አልተከፈተም፤ በዶላር ክፈሉ የሚል መጠየቂያ ብቅ አለ። ዩኒቨርሲቲው የራሱ መምህር የጻፈውን መጽሐፍ መክፈቻ አልነበረውም። ጋሽ ኪሮስ ነገሩን በኽምጥኛ ለማስረዳት ሞከሩ፤ ለዚህ የሚሆን ቃል ግን አጡ፤ በመጨረሻ ተቆልፏል አሏቸው። ወይዘሮ ዝማም ስክሪኑን ትክ ብለው አይተው አንድ ነገር ጠየቁ። ጋሽ ኪሮስ እስኪሞቱ ድረስ ይህን ጥያቄ ይደጋግሙት ነበር።

"ልጄ ተናግሮ ያወጣውን ማን መልሶ ቆለፈው?"

ጋሽ ኪሮስ ወደ ቤትዎ ይግቡ፣ እኔ ራሴ አመጣልዎታለሁ ብለው ሸኟቸው። ያንኑ ዕለት ታደለ ጋ ደወሉ። ታደለ ወደ ደሴ ተዛውሯል። ፈርሜ አስረክቤአለሁ፣ እጄ ላይ የቀረ ነገር የለም አላቸው። ለአሳታሚው ጻፉ፤ በትሕትና የተሞላ እምቢታ መጣላቸው። እንደገና ጻፉ፤ ያው ትሕትና ተመልሶ መጣ። ጋሽ ኪሮስ እንግዲህ ያን ጊዜ ነው የራሳችን ማሳተሚያ ይኑረን ማለት የጀመሩት። ሌላ እናት ስትመጣ ደግሜ ተቆልፏል አልልም አሉ።

ሴኔቱ ላይ የተነሣባቸውን ክርክር ያኔ ቃለ ጉባኤ ይይዝ የነበረ ሰው አጫውቶኛል። ከሰቆጣ የወጣ መጽሐፍ ማን ያነበዋል፣ ለማዕረግ ዕድገትስ ማን ይቆጥረዋል፣ መጽሐፍ በነጻ ከተሰጠ ማን ያከብረዋል ተባሉ። እሳቸው መነጽራቸውን አወለቁ። ሰቆጣ ያነበዋል፣ እስቲ ከዚያ እንጀምር አሉ። በመጨረሻ የተሰበረ ወንበር የሚከማችበትን ክፍል ሰጧቸው፤ በጀት የሚባል ግን አልተሰጣቸውም። ወንበሩን አንድ በአንድ አውጥተው፣ የሚጠገነውን ጠግነው እዚያው ተቀመጡበት።

የመጀመሪያው መጽሐፍ ስለ ፍየል በሽታ ነበር። ማንኛውም መጽሐፍ ከመውጣቱ በፊት ሙያውን የሚያውቁ የሌላ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ሊገመግሙት ይገባል፤ ያለዚያ ማሳተሚያ አይባልም። ለማያውቁት ሰው፣ ያለ ክፍያ፣ ከሰቆጣ የመጣ ረቂቅ ማን ይገመግማል? ጋሽ ኪሮስ ዘዴያቸው ስልክ ነበር። ይደውሉና ስለ ቤተሰቡ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጤናው ይጠይቃሉ፤ ከዚያ "ስለዚያች ረቂቅ ነበር" ይላሉ። በሳምንቱም ያው ነው። አይቆጡም፣ አይሰለቻቸውም። አንድ የሐዋሳ ፕሮፌሰር ኋላ ሲነግረኝ የገመገምኩት ለሳይንስ ብዬ ሳይሆን ስልኬ ዕረፍት እንዲያገኝ ብዬ ነው አለኝ። በየዓመቱ ግን ይገመግምልን ነበር።

ከሁሉ የሚለየን ግን "ቃል መመለስ" ብለው የሚጠሩት ሥርዓት ነው። መጽሐፉ ከመለቀቁ በፊት ቃሉ ወደተሰበሰበበት ቀበሌ ይሄዳል። ደራሲው ይገኛል፣ የተናገሩት ሰዎች ይጠራሉ፣ ስለ እነሱ የተጻፈው በቋንቋቸው ይነበብላቸዋል። ቃሌ ከመጽሐፉ ይውጣልኝ ያለ ይወጣለታል፤ ስሜ ይግባ ያለ ይገባለታል። መምህራኑ ይህን ሥርዓት እንደ ኮሶ ነው የሚጠጡት። የፈቃድ ፎርም አስፈርመናል፣ ሁለተኛ መጠየቅ ለምን ያስፈልጋል ይላሉ። ጋሽ ኪሮስ መልሳቸው አጭር ነው፤ የፈረመው ሳይሰማ ነው፣ አሁን ሰምቶ ይፍረድ።

ጋዝጊብላ የሄድንበት ቀን አይረሳኝም። መጽሐፉ ከግጦሽ ስለተከለለ ተራራ ነው፤ ገበያ ቀን ነበርና ሰው ሞልቷል። ደራሲው ወጣት መምህር፣ ክራቫት ሁሉ አስሯል። ሲነበብ ሲነበብ አንድ ገበሬ የተከለለውን ሣር በድብቅ የሚግጠው የጎረቤቱ በሬ ነው ብሎ የተናገረበት ገጽ ላይ ደረስን። ስም አልተጠቀሰም፤ ገበያው ሁሉ ግን ማን እንደሆነ አወቀና በሳቅ ፈረሰ። ተናጋሪው ብድግ ብሎ ያንን ስናገር ተጣልተን ነበር፣ አሁን ግን ልጄን ክርስትና አንሥቶልኛል፣ አውጡልኝ አለ። ደራሲው አንጀቱ አረረ፤ የመጽሐፉ ሠንጠረዥ ሊጎድልበት ነው። ባለ በሬው በበኩሉ አይውጣ፣ እውነት ነው፣ በሬዬ ጠግቦ ያደረው በዚያ ሣር ነው ብሎ ድርቅ አለ። ክርስትና አባትና አባት ገበያ መሐል አውጣና አታውጣ እየተባባሉ እኛ ፀሐይ ላይ ቆምን። በኋላ ጋሽ ኪሮስ ቃሉ የተናጋሪው ነው ብለው አወጡት። ስንመለስ መምህሩ መንገዱን ሙሉ አኮረፈ። ባለ በሬው ግን መጽሐፉን ስልኩ ላይ አስጭኖ ነበር የሄደው።

አስጭኖ ማለቴ ምክንያት አለው። ኢንተርኔት ላይ መልቀቅ ኔትወርክ ላለው ነው፤ ሰሃላና ፃግብጂ ላለ ሰው ለእሱም ሌላ ቁልፍ ነው። ገበያ ዳር ሚሞሪ ካርድ ላይ ዘፈን የሚጭኑ ሱቆች አሉ። ጋሽ ኪሮስ እየዞሩ መጽሐፎቻችንን አደሏቸው። ማንበብ ለማይችል ሰው ደግሞ በኽምጥኛና በአማርኛ እያነበብን በድምፅ ቀዳን። ዘፈን ሊያስጭን የመጣ ሁሉ የፍየል በሽታውን፣ የንብ እርባታውን፣ የልጆች ተረቱን መጽሐፍ በምርቃት ይዞ ይሄዳል። አንዱ ባለሱቅ ከጭፈራ ዘፈን ቀጥሎ የእርስዎ ድምፅ ስለ ፍየል ሳል ሲጀምር ሰርገኛው ሁሉ ይስቃል ብሎ ነገራቸው። ታዲያ ሰምቷል ማለት ነው አሉት።

ጦርነቱ ሲመጣ መብራትም ኔትወርክም ተቋረጠ፣ ሰውም ተበተነ፣ እኔም ወደ አገሬ ሸሸሁ። ተመልሰን ስንገናኝ ቢሮው ባዶውን ነበር፤ ኮምፒውተሮቻችን ከነፋይላቸው ተወስደዋል። እኔ ወለሉ ላይ ተቀምጬ ሁሉም አለቀ አልኩ። ጋሽ ኪሮስ ከስተው ኮታቸው ትከሻቸው ላይ ተንጠልጥሏል። አላለቀም፣ ሰጥተናል እኮ አሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ገበያ ለገበያ እየዞርን የሰጠነውን መልሰን ቀዳን፤ ከሱቅ፣ ከአርሶ አደር ስልክ፣ ሐዋሳ ካለው ፕሮፌሰር ኮምፒውተር። ዝውውር የመጠየቁን ነገር እርግፍ አድርጌ የተውኩት ያን ጊዜ ነው። ከእኚህ ሰው ጋር መሥራት ኩራት መሆኑ ገባኝ።

ይህ ሁሉ ሲሆን ግን የወይዘሮ ዝማም ጉዳይ አልተፈታም። ማሳተሚያው ስም አተረፈ፣ ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች ልምድ ሊቀስሙ መጡ፤ እሳቸው እንግዶቹን ሸኝተው ሲመለሱ የሰሃላዋ ሴት እየጠበቁኝ ነው ይሉኛል። ጡረታቸው ደረሰ። ሽኝት ሊደረግላቸው ሲታሰብ ለግብዣው የታሰበውን ለትራንስፖርት ስጡኝ ብለው እኔን አስከትለው ደሴ ወረዱ።

ታደለ ደግ ሰው ነው፤ ቤቱ ወስዶ ምሳ አበላን። ከምሳ በኋላ ጋሽ ኪሮስ ውሉን አሳየኝ አሉት። ቁጭ ብለን አነበብነው። አሳታሚው የገዛው የመጽሐፉን ጽሑፍ ነው፤ ስለ ድምፆቹ አንድም ቃል የለም። የስደተኞቹ ድምፅ በሙሉ ታደለ እጅ ላይ ነበር። ታዲያ ለምን የለም አልክ ቢሉት፣ ልጁ ያለውን አንዴ ስሙና ፍረዱኝ ብሎ ላፕቶፑን ከፈተ።

የሀብታሙ ድምፅ የልጅ ድምፅ ነው። በኽምጥኛ ያወራል፤ ጋሽ ኪሮስ ዐይናቸውን ጨፍነው እየሰሙ ለእኔ ይተረጉሙልኛል። ስለ በረሃው፣ ስለ ጀልባው፣ ስለ እስር ቤቱ ተናገረ። ወደ መጨረሻው ታደለ እንደገና ትሄዳለህ ወይ ብሎ ሲጠይቀው እንዲህ አለ፤ "መልሼ መሄድ አልፈልግም። ያየሁትን አይቻለሁ። ግን እናቴ ላሟን ሸጣ ጠበቀችኝ። አልፈልግም ብዬ እንዴት ልንገራት? እሄዳለሁ።" 

ታደለ ድምፁን ደብቆ የኖረው በዚህ ምክንያት ነው። እናትየዋ ይህን ሰምታ እንዴት ትኖራለች አለ። የስደተኞቹን ቃል በሙሉ፣ በራሳቸው አንደበት፣ በሁለት ቋንቋ በነጻ ለማሳተም በደስታ ተስማማ፤ ይህቺ አንዲት ነገር ብቻ ትውጣ ብሎ ለመነ። እኔም አገዝኩት። ሌላ ጊዜ ስንት ቃል አውጥተናል፣ ይህ ቢወጣ ማን ይጎዳል አልኳቸው። አሁንም ቢሆን ጥያቄው ቀላል ነበር አልልም። ጋሽ ኪሮስ መነጽራቸውን አወለቁ።

"ያወጣነው ባለቤቱ ሲያዝዘን ነው። ባለቤቱ ዛሬ የለም፤ ቃሉ የእናቱ ነው። ለእሷ አዝነን ከእሷ የምንደብቅ ከሆነ፣ እኛም ቆለፍን እኮ።"

ታደለ አለቀሰ። ድምፁን ግን ሰጠን፤ ሰሃላም አብሬአችሁ እሄዳለሁ አለ።

መኪናው መንገዱ እስካለበት ድረስ ወሰደን፤ ከዚያ በኋላ ሾፌሩን ጨምረን በእግር ነው። ጋሽ ኪሮስ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ በቅሎ ቢቀርብላቸውም ወይዘሮ ዝማም በእግራቸው ነው የመጡት ብለው እምቢ አሉ። በየጥቂቱ ቆም ይሉና የሚያዩት ነገር ያለ መስለው አገሩን ይቃኛሉ። ወይዘሮ ዝማም ሲያዩአቸው ወዲያው አወቋቸው። አረጀህ አሏቸው፤ እሳቸውም እርስዎም ብለው ጎንበስ ብለው ተሳለሟቸው።

ሌላው ሰው ሳይሰማ ብቻቸውን መስማት ይፈልጉ እንደሆነ ጋሽ ኪሮስ አስቀድመው ጠየቋቸው። የሚያም ቃል እንዳለበትም አልደበቁም። ወይዘሮ ዝማም ሲሄድ አገር ነው የሸኘው፣ አገር ይስማው አሉ። ስለ ሕመሙም አንድ ነገር ተናገሩ፤ ጋሽ ኪሮስ ወደ እኔ ዞረው በአማርኛ መለሱልኝ፤

"ዝም ካለኝ ስንት ዘመኑ። ይናገረኝ ነው የሚሉት።"

በማግስቱ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጪ ጥላው ሥር ተሰበሰበ። ታደለ ትንሿን ስፒከር ድንጋይ ላይ አስቀመጠ። የልጁ ድምፅ ሲወጣ ሴቶቹ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳቡ። ወይዘሮ ዝማም ጆሯቸውን አስጠግተው አጎነበሱ። ስለ በረሃው ሲናገር ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙ፤ አንድ ቦታ ላይ ልጁ ሲስቅ እሳቸውም ፈገግ አሉ። ያ ቃል ሲመጣ መሬት መሬት እያየሁ መቆየት አልቻልኩም፤ ቀና ብዬ ፊታቸውን አየሁ። አላለቀሱም።  ድምፁ ሲያልቅ መልሱት አሉ። መለስንላቸው። ደግመው እስከ መጨረሻው ሰሙ።

ከዚያ ጋሽ ኪሮስ እንደ ሥርዓታችን ጠየቁ። ቃሉ ይቅር ወይስ ይታተም? የልጁ ስምስ ይጻፍ ወይስ ይሰወር? እንግሊዝኛው መጽሐፍ ላይ ስሙን ለውጠውት ነበር። ወይዘሮ ዝማም በበትራቸው ተደግፈው ተነሡ። መልሱን የሰጡት ለእኛ ሳይሆን ለሕዝቡ ነው። ረጅም አልተናገሩም።  ጋሽ ኪሮስ ሁልጊዜ ወዲያው ይተረጉሙልኝ ነበር፤ ያን ዕለት ፊታቸውን ወደ አጥሩ አዙረው ቆዩ። ምን አሉ ብዬ ኮታቸውን ሳብኩ።

"ይታተም አሉ። ስሙም ይጻፍ። ልጄ እምቢ ለማለት አፍሮኝ ሄደ፣ ላም ልትሸጥ ያሰበች እናት ሁሉ መጀመሪያ ልጇን ትጠይቀው፣ አሉ።"

ታደለ ስፒከሩን ጠቅልሎ ቦርሳው ውስጥ ከተተ። ሾፌሩ ፀሐዩን እያየ መንገዱ በጨለማ አይኬድም፣ አሁኑኑ ካልተነሣን አንደርስም አለን። ወይዘሮ ዝማምን ተሰናብተን ጥቂት እንደሄድን አንዲት ሴት ከኋላችን እየሮጠች ደረሰችብን። ጋሽ ኪሮስን በኽምጥኛ እየለመነች መንገዱን ዘጋችባቸው። ጋሽ ኪሮስ ተረጎሙልን፤ ልጇ በሚቀጥለው ሳምንት ስደት ሊሄድ ደላላው ጋ ጨርሷል፤ ፍየሎቹም ገበያ ሊወጡ ነው። ልጁ ዛሬ ፍየል ሲጠብቅ ውሎ ነው፣ የተባለውን አልሰማም፤ ላስጠራውና አንድ ጊዜ ድገሙልኝ ነው የምትለው።

ሾፌሩ መንገዱ ገደል ነው፣ አይቻልም ብሎ ተከራከረ። እኔም ድምፁን ስልኳ ላይ እንጫንላትና እንሂድ አልኩ፤ ስልክ የላትም። ጋሽ ኪሮስ የሚያማቸውን ጉልበት በእጃቸው ደግፈው መንገዱ ዳር ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ታደለን ስፒከሩን አውጣው አሉት፤ ሴትዮዋን ደግሞ ሂጂ ጥሪው አሏት።

ልጁ እስኪመጣ ጠበቅን።